የመሪጌታ ግራ እግር

ዕድሜ ልኩን ቆሞ የዘመረ ሰው አንድ ሳምንት ቢቀመጥ ከእናንተ ላይ ምን ይጎድላል? "እኔን አይመለከተኝም" ብላችሁ አትለፉት፤ ይመለከታችኋል። በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ማታ፣ ጎንደር ውስጥ ከአውቶ ፓርኮ ሰፈር በላይ ባለች አንዲት ደብር በር ላይ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ አቶ ነጋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ከጎናቸው ለቆሙት ሰዎች እንዲህ አሉ፦ "ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም ወንበር ይግባላቸው ነው የምትሉኝ? ዛሬ ወንበር፣ ነገ ፍራሽ! መቆም ያቃተው ቦታውን ለሚቆም ይልቀቅ እንጂ። ደብሩ መጦሪያ ቤት አይደለም።" የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ከሳቁት ሁለቱ ዜማውን ከመሪጌታ አፍ የተማሩ ናቸው። አንድም ሰው "ኧረ ነውር ነው" አላለም። ከበሩ ምሰሶ ኋላ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስር የነበረችው ምስጢር፣ የመሪጌታ ልጅ፣ ማሰሪያዋን ቋጠረች፣ ፈታች፣ እንደገና ቋጠረችና ቀና ብላ በመካከላቸው አልፋ ወጣች። በሕማማት ሰላምታ የለምና ዝም ብላ በማለፏ የሚቀየማት አልነበረም።

ቤት ስትገባ ለአባቷ አልነገረችም። ነገሩ ከአሁን አሁን አመለጠኝ እያለች እራት አቀረበች፣ ሳህን አነሳች፣ ተኛች። እዚህ አገር ሰው ስለ ጨጓራው ያወራል፣ ስለ ደም ግፊቱ ያወራል፣ ስለ ስኳሩ ለማያውቀው የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ይዘረዝራል። ስለ እግሩ ግን አያወራም። እግር ይሠራል፣ የሚሠራ ነገር ደግሞ አይታመምም ተብሎ ተወስኗል። የመሪጌታ እግር ሲሆን ይባስ። ማኅሌት ሲቆም አድሮ እግሩ ያበጠን ሰው "በረከት ነው" የሚሉት አሉ፤ በረከቱ በእነሱ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ግን አላየንም።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ምስጢር እንደ ወትሮዋ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። መብራት ስላልነበረ የስልኳን ባትሪ አብርታለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግማሹን ከጣሊያን ዘመን የቀረው ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ይዞታል፣ የቀረውን በቆዳ ማኅደር የተሸፈኑ መጻሕፍት ያሉበት ሣጥን፣ አንድ ወንበር፣ በሚስማር የተሰቀለ ካባ። ከአልጋው ግርጌ ፊት ለፊት፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ ጫፉ በጥልፍ የተሠራ መጋረጃ ያላት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አክስቷ የትነበርሽ ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ አድረው ገና ነጠላቸውን እየተከናነቡ ነበር። ሲደርሱ እንኳ ሳይስሟት ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው "ስሞሽ ለትንሣኤ ይቀመጥ፤ ያኔ አንድ ላይ አወራርድልሻለሁ" ብለዋታል። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀው፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ገብስና ባቄላ ጭነው፣ ወንድማቸውን ለማየት ነው የመጡት። ያዩት ግን ወንድማቸውን ሳይሆን ካልሲውን ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሥጋ መሳይ፣ ጠበቅ ያለ ካልሲ።

"ይኸ የሴት ካልሲ ነው" ብለው ነበር ማታውን። "አያ ሐብቴ፣ አንቱን ምን አገኘዎት?"

"የሕክምና ነው፤ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል" አለች ምስጢር።

"በስንት ተገዛ?" ዋጋውን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "በዚህ ብር እኛ አገር ወገራ ላይ ጫማውም ካልሲውም፣ እግሩም ጭምር ይገዛል!" መሪጌታ ሐብተ ማርያም እስኪያስላቸው ሳቁ። እህትና ወንድም የተሳሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

የምስጢር ሥራ ለተመለከተው ቀላል ነው። የሚያዘናጋውም ቀላልነቱ ነው። ሲስተር ሰብለ ወንጌል፣ ቁስሉን የምታጥበው የክሊኒኩ ነርስ፣ አንድ በአንድ አሳይታታለች። በአባቷ እግር ውስጥ ደሙን ወደ ላይ የሚመልሱት መዝጊያዎች ላልተዋል፤ የወረደው ደም እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ደም እግሩን ያሳብጣል፣ ቆዳውን ያጠቁራል፣ በመጨረሻም ያቆስላል። ስለዚህ በየጠዋቱ፣ ካልሲው ከመጠለቁ በፊት፣ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ማየት ነው፤ አንዱን ብቻ ያየ ምንም አላየም። ከዚያ አውራ ጣትን በቅልጥሙ አጥንት ላይ ጫን አድርጎ ማንሳት ነው፤ የተሰረጎደው ቶሎ ከሞላ ቀኑ ሸጋ ነው፣ እንደተሰረጎደ ከቆየ ውሃ አለ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ በውስጥ በኩል ያለችውን የቴምብር ያህል ቁስል ጠርዟን ማየት፣ ማሽተት። በእጅ ጀርባ ሁለቱንም ባት መዳሰስና ሙቀታቸውን ማነጻጸር። መጨረሻ ላይ መጠየቅ። ከሁሉ የሚከብደው መጠየቁ ነው፤ ምክንያቱም መሪጌታ ለማንኛውም ጥያቄ አንድ መልስ ነው ያላቸው።

"ደረትዎን ይወጋዎታል? ትንፋሽ ያጥርዎታል?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን መልስ አይደለም አባዬ። ይወጋዎታል ወይስ አይወጋዎትም?"

"አይወጋኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

በዚያ ጠዋት ግን ጥያቄው ላይ ሳትደርስ እጇ ቆመ። ግራው ባት ከቀኙ ወፍሯል። በትንሹ አይደለም፤ በባትሪው ብርሃን ጥላው ሳይቀር ተለይቷል። የእጇን ጀርባ አስጠጋች፤ ቀኙ እንደ ክፍሉ ቀዝቅዟል፣ ግራው ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር ይፋጃል። አውራ ጣቷን ስትጭን አባቷ ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አልተናገሩም። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ስለዚህ ነገር የነገረቻት በሌላ ድምፅ ነበር፦ አንደኛው ባት በድንገት ካበጠና ከጋለ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ አትጠብቂ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም እንዳያሸው። የታሸ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ቀና ስትል አክስቷ ከጎኗ ተንበርክከዋል፤ መዳፋቸው በኑግ ዘይት ያበራል። "ይኸ ብርድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ምነው እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ? አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ባሸው..." እጃቸው ባቱን ሊነካ ሲል ምስጢር ጮኸች።

"ተይ! አትንኪው!"

አንቱታው ከአፏ ወድቆ መሬት ላይ ቀረ። በዚያ ቤት ልጅ ለአክስት እንዲህ ተናግራ አታውቅም። የትነበርሽ ዘይት የተቀባ እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ፣ ማስቀመጫ እንዳጡለት ዕቃ፣ ቆዩ። ከዚያ በገዛ ክንዳቸው ላይ ጠረጉትና መደቡ ላይ ሄደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ምስጢር ይቅርታ ልትል ነበር፤ ጊዜ አልነበራትም።

"ሆስፒታል እንሂድ።"

"ከጸሎት በኋላ" አሉ መሪጌታ። "ዛሬ ሕፅበተ እግር ነው። ነገ ስቅለት ነው። ቅዳሜ ብንሄድ ምን ይለናል?" እግራቸውን ከአልጋው አውርደው መቋሚያቸውን በእጃቸው ይፈልጉ ጀመር። ዝግ ብለው ጨመሩ፦ "ዛሬ ከቀረሁ ነገ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አገኛለሁ። እኔ ያልሰማሁ መሰለሽ? አቶ ነጋ ድምፃቸው ትልቅ ነው።"

አያችሁ? ሰውየው ሰምተዋል። ልጅቱ እንዳይሰሙ ስትደብቅ፣ እሳቸው እንዳትሰማ ሲደብቁ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ያንኑ ስድብ ታቅፈው አድረዋል። ተሳዳቢው ደግሞ ደህና ተኝተዋል። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ የሚያፍረው የተሰደበው ነው።

ምስጢር ስልኳን አወጣችና ለሲስተር ሰብለ ወንጌል ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አኖረችው። ነርሷ ሁለት ነገር ጠየቀች፣ ከዚያ "መሪጌታ፣ ይሰሙኛል?" አለች።

"እሰማሻለሁ ልጄ።"

"እኔ ስለ እግርዎ አይደለም የምነግርዎ። እግር ቢቆረጥም ሰው ይኖራል። የረጋ ደም ከሆነና ሳንባ ላይ ከደረሰ ግን ነገ ስቅለት ላይ አይቆሙም፤ እኛ ነን ለእርስዎ የምንቆመው። ምርጫው የእርስዎ ነው።"

የመለሱት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት የትነበርሽ ናቸው። "ይነሱ" አሉ ዘወር ሳይሉ። "ይነሱ አያ ሐብቴ፤ ለሬሳ ለቅሶ ገና አልተዘጋጀሁም፤ ገብሱን እንኳ ከጆንያው አላወጣሁም።"

ባጃጁ ውስጥ የተቀመጡት እንዲህ ነው፦ መሪጌታ በአንደኛው ጠርዝ፣ ግራ እግራቸው በእህታቸው ጭን ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፉ በወዲያ በኩል በሸራው ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ። ምስጢር ከሹፌሩ ጋር ወንበር ተጋርታለች። ፒያሳን ሲያቋርጡ የዶሮና የቄጤማ ገበያው ተጧጡፎ ነበር፤ እንቁላል በትሪ የተሸከመች ሴት ከባጃጁ የወጣውን እግር አይታ አማተበች። የአውራ ዶሮ ዋጋ ሰምቶ የሚራገም ሰው ድምፅ አለፋቸው። "ጥጋብ ነው ይሄ!" ይላል ሰውየው፣ "እግር ብቻውን ስንት ሊሆን ነው?" የትነበርሽ የወንድማቸውን እግር ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ "ይኸኛው አይሸጥም!" ብለው መለሱለት። ሹፌሩ መሪውን እስኪስት ሳቀ። ምስጢር ሳቋ መጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። እጇ ኋላ ዞሮ የአባቷን የእግር አውራ ጣት ይዟል፤ ጣቱ ይሞቃል፣ ቀለሙ አልተለወጠም፣ ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

የሆስፒታሉ መተላለፊያ ሰው ሞልቶታል። አግዳሚው ላይ የትነበርሽ ቦታ አስለቀቁ፤ እንዴት እንዳስለቀቁ አይጠየቅም። ሁለቱ ሴቶች እግሩን በየተራ ጭናቸው ላይ ይዘው ጠበቁ። አክስትና የወንድም ልጅ ከጠዋቱ ጩኸት በኋላ ቃል አልተለዋወጡም፤ እግሩ ብቻ ነው ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚተላለፈው። ምስጢር "አክስቴ፣ ጠዋት..." ብላ ስትጀምር፣ የትነበርሽ "ዝም በይ፣ እግሩ እንዳይወርድ ያዢ" አሉ። ይቅርታው በዚያው አለቀ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ደብሩ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚባለውን እዚህ እያሉት ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠ የጭልጋ ገበሬ ሲሰማ ቆይቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

የተቀበላቸው ዶክተር ወጣት ነው፤ በአንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። አባቷን ጋደም አድርጎ ከጭናቸው እስከ ባታቸው ቀዝቃዛ ቅባት ለቀለቀና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስጠጋ። ለምስጢር ምን እንደሚፈልግ ነገራት፦ "ይቺ ጥቁር ክብ ጥልቁ የደም ሥር ናት። ስጫናት መከደን አለባት። ካልተከደነች ውስጧ የረጋ ነገር አለ ማለት ነው።" ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ብሽሽት ላይ ተጫነ፤ ክቧ እንደሚጨፍን ዓይን ክድን አለች። ትንሽ ወረደ፤ ተከደነች። ጭን መካከል፤ ተከደነች። ከጉልበቱ ኋላ ሲደርስ ተጫነና ክቧ እንደቆመች ቀረች። ዶክተሩ መሣሪያውን አነሳ፣ ቅባት ጨመረ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለ። የትነበርሽ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘዋል። ምስጢር በዚያች ጥቁር ክብ ውስጥ የተቆረጠ እግር አየች፤ ባዶውን ካልሲ አየች፤ አልጋ አጠገብ የቀረ አንድ ጫማ አየች። ዶክተሩ እንደገና ተጫነ። ክቧ ክድን አለች። ለቀቀ፤ ተከፈተች። ተጫነ፤ ተከደነች።

"የረጋ ደም የለም" አለ።

የትነበርሽ እልል ለማለት አፋቸውን ከፍተው ሕማማት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በእጃቸው ዘጉት፤ እንባው ግን ፈቃድ አልጠየቀም። ዶክተሩ ቀጠለ፦ ላይ ላዩን ያለች አንዲት የደም ሥር ተቆጥታለች፣ ሙቀቱና ሕመሙ ከእሷ ነው፣ መድኃኒት አለው። ቁስሉ ንጹሕ ነው። "እብጠቱ ግን አልገባኝም" አለ። "ካልሲ ያደርጋሉ፣ ቁስሉ በሚገባ ይታጠባል። ማታ ማታ እግርዎ ከልብዎ ከፍ ብሎ ነው የሚያድሩት?"

"ከሥሩ ሦስት ትራስ ነው የማደርግለት" አለች ምስጢር ፈጥና። "ራሴ ነኝ የማስተካክለው።"

ዶክተሩ ግን እሷን ሳይሆን አባቷን ነበር የሚያየው። መሪጌታ ጣሪያውን ያያሉ።

"አባቴ?" አለ ዶክተሩ።

"ታስተካክላለች። እውነቷን ነው" አሉ መሪጌታ። ቀጥለውም፣ "እሷ ስትወጣ አወርደዋለሁ" አሉ።

"ምነው?" አሉ የትነበርሽ።

"ሥዕሏ ከግርጌዬ ናት! እግሬን አንስቼ በእመቤታችን ፊት እንዴት ዘርግቼ ልደር? መጋረጃ ቢኖራትስ? እኔ እኮ እንዳለች አውቃለሁ። መብራቱ ሲጠፋ ትራሱን አወርድና እግሬን ወደ መሬት ለቅቄ፣ ግድግዳውን ተደግፌ አድራለሁ። በሕማማቱማ ጭራሽ አልተጋደምኩም።"

ይኸው እንግዲህ። ልጅቱ በየጠዋቱ በባትሪ ስትመረምር፣ ነርሷ በየሳምንቱ ስታጥብ፣ ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበት ካልሲ ቀኑን ሙሉ ሲገፋ፣ ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ደሙን መልሰው ሲያወርዱት ነበር። ቁስሏ ያልዳነችው፣ እግሩ ያበጠው፣ እንዲቆረጥ ሊያደርስ የነበረው ነገር ሁሉ አንድ አልጋ በተሳሳተ በኩል ስለ ተዘረጋ ነው። የትኛው መጽሐፍ ላይ ይገኛል ይህ በሽታ? ሌላ ሐኪም ቢሆን ይስቅ ነበር። ይህኛው አልሳቀም፤ ማተቡን በጣቱ ነካ አደረገና፣ "እናቴ ቤትም እንዲሁ ነው" አለ። "አልጋውን ያዙሩታ! ራስጌው ወደ ሥዕሏ ይሁን።"

"ይሄው ነው?" አለች ምስጢር።

"ይሄው ነው። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ካልሲው አይለቅ፣ እግሩ ከፍ ይበል። ቀዩ ከሰፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ይመለሱ። ቆሞ መዋል የለም። ሳይንቀሳቀሱ መቆም ነው የሚጎዳቸው፤ ይቀመጡ፣ ሲደክማቸው ይራመዱ።"

"ስግደቱስ?" አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው እንደ ተማሪ ቀጭኖ።

"ስግደት ቁርጭምጭሚትን ያጥፋል፣ ባትን ያሠራል፤ ደሙን ይገፋል። ቁስሉ መሬት እንዳይነካ እየተጠነቀቁ በልክ ይስገዱ። እኔ የከለከልኩት ግትር ብሎ መቆሙን ነው።"

መሪጌታ ሐብተ ማርያም እንደ ተሾመ ሰው ነበር ከዚያ ክፍል የወጡት።

አልጋውን ማዞሩ ግን እንደ ወሬው አልሆነም። የጣሊያን ብረት ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ከአልጋው ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ በኩል ሲያነሱ ሣጥኑ ይዘጋዋል፣ ሣጥኑን ሲገፉ በሩ ይዘጋል። መሪጌታ ወንበር ላይ ሆነው፣ እግራቸው በሣጥኑ ላይ፣ "ወደ ቀኝ! ኧረ የኔን ቀኝ!" እያሉ ይመራሉ። አንድ ጊዜ አልጋው ሰያፍ ሆኖ በአራቱም ማዕዘን ተጣበቀና የትነበርሽ ከግድግዳው ጋር ታሰሩ። "እንግዲህ ለትንሣኤ እዚሁ ድፎውን በላዬ አሳልፋችሁ ትሰጡኛላችሁ" አሉ። ምስጢር ያን ጊዜ ሳቀች። ጠዋት ጉሮሮዋ ላይ የቆመው ሳቅ ነው የመጣው፤ በአልጋው ብረት ላይ ግንባሯን ደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅ። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ራሷ ላይ አኖሩ። በዚያ ቤት ከዚህ በላይ አይነገርም።

መሪጌታ ጋደም ካሉ በኋላ፣ ራስጌያቸው ወደ ሥዕሏ፣ እግራቸው በትራሱ ላይ ወደ በሩ ሆኖ፣ ልክ እንደ ሕፃን አንቀላፉ። ደብሩ ውስጥ ደወል ሲደወል ምስጢር መጥታ አውራ ጣቷን በቅልጥማቸው ላይ ጫነች፣ አነሳች። የተሰረጎደው ቀስ ብሎ ሞላ። ገና ሸጋ አይደለም፤ ከጠዋቱ ግን ሌላ እግር ነው። ባቱን ዳሰሰች፤ ሙቀቱ አለ፣ ፋጀ የሚባል ግን አይደለም። ካልሲውን አልብሳ ስትጨርስ፣ "ይወጋዎታል?" አለች። "አይወጋኝም" አሉ መሪጌታ። ያኔ ነው ምስጢር ከጓዳ የፕላስቲክ ወንበር ያነሳችው።

ከደብሩ ግቢ ሲደርሱ ሕፅበተ እግር ተጀምሮ ነበር። ወንበሩን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው አባቷን ደግፋ፣ በሕዝቡ መካከል ስታልፍ የሚያዩዋት ዓይኖች ከወንበሩ ይልቅ ይከብዱ ነበር። አቶ ነጋ በአውደ ምሕረቱ ጥግ ማይክራፎን ይዘው ቆመዋል፤ አይተው ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። የደብሩ አለቃ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ደግና ዝምተኛ ሽማግሌ፣ በወገባቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል በተነከረበት ውሃ የካህናቱን እግር ያጥባሉ። ልብ በሉ፤ የሚታጠበው ሁሉ ተቀምጦ ነው። አቶ ነጋም በተራቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ታጥበዋል። መቀመጥ ያን ጊዜ አላሳፈራቸውም።

መሪጌታ በወንበራቸው ሆነው ቀኝ እግራቸውን ዘረጉ። አባ ገብረ ሚካኤል አጥበው፣ አድርቀው፣ "ሌላውስ?" አሉ። "ቁስል አለበት አባቴ፤ ውሃ አይነካም።" አባ ገብረ ሚካኤል ለረጅም ጊዜ ካልሲውን ተመለከቱ። ከዚያ ቅጠሉን ደረቅ ከሆነው በኩል መርጠው በጉልበቱ ላይ አሳረፉ፣ ጎንበስ ብለውም ጉልበቱን ተሳለሙ። ያን ያዩት መምህር ቢያዝን፣ ከመሪጌታ ጎን ዘመናቸውን ሁሉ የቆሙ ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ምስጢር ጠጋ አሉ። ዙሪያቸውን አዩና የቀሚሳቸውን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። "የኔንስ ታይልኛለሽ ልጄ?" ምስጢር ተንበርክካ አውራ ጣቷን ጫነች፣ አነሳች። ጉድጓዱ እንደ ማኅተም ቀረ። ቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ ቆዳው ዝገት የነካው ጨርቅ መስሏል። ቀና ስትል ከመምህር ቢያዝን ኋላ ሌላ ሽማግሌ ቀሚሱን ይዞ ቆሟል፤ ከእሱ ኋላም ሌላ። እርስ በርሳቸው እንኳ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ደብር ውስጥ፣ ሁሉም እግራቸውን ደብቀው ኖረዋል።

በዚህ መካከል የድምፅ ማጉያው ጮኸ። ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት አቶ ነጋ የነገውን መርሐ ግብር ይናገሩ ነበር። ስቅለቱ ከማለዳ ይጀመራል፤ ምእመናን ጫማችሁን በየቦታው አትጣሉ፤ ካህናትና መዘምራን በየቦታችሁ እስከ ማታ በሥርዓት እንድትቆሙ፣ መቆም የማይችል ካለ ከወዲሁ...

"አቶ ነጋ!"

ሴት ልጅ በዚያ ቦታ ድምፅ አታሰማም። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ምስጢር ከተንበረከከችበት ተነስታ ነበር፤ ጉልበቷ አፈር ነክቷል። የትነበርሽ ከኋላዋ ሆነው ጀርባዋን በጣታቸው ጎሰም አደረጓት። "ተናገሪ አንች! ጠዋት እኔ ላይ የጮኽሽውን ያህል!"

"ጥያቄ ካለሽ ልጄ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቢሮ ነይ" አሉ አቶ ነጋ። ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበር "ቢሮ" የሚለው ቃል በግቢው ሁሉ አስተጋባ።

"ቢሮ አልመጣም። ትናንት በበሩ ላይ ሲናገሩ ቢሮ አልገቡም።" በእጇ የሽማግሌዎቹን ሰልፍ አሳየች። "ይምጡና የእነዚህን አባቶች እግር ይዩ። የአባቴ ዛሬ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የመምህር ቢያዝንን ግን ማንም አላየውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለስብሰባችሁ የተደረደሩ ወንበሮች አሉ፤ ስፖንጅ ያላቸው፣ ከዚህ ሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የተገዙ። እኔ ስለ አባቴ አይደለም የምጠይቅዎ፤ እሳቸው ወንበራቸውን ይዘው መጥተዋል። ነገ ከማለዳ እስከ ማታ እነዚህ ሽማግሌዎች በእነዚያ ወንበሮች ይቀመጣሉ ወይስ አይቀመጡም? አይቀመጡም ካሉ ያን የሚከለክል ሥርዓት የት እንዳገኙት ይንገሩን፤ አባ ገብረ ሚካኤልም እዚሁ አሉ፣ ይስሙ። ማይክራፎኑ በእጅዎ ነው አቶ ነጋ፤ አያጥፉት። ለእኔ አይደለም፣ ለሕዝቡ ይመልሱ!"